«ፍሬን በጥሶ ነው» ከተባለ በኋላ፦ የቁልቁለት አደጋ መንስኤ እንዴት ይመረመራል?

ከባድ መኪና ቁልቁለት ላይ ሰው ሲፈጅ በማግስቱ የምንሰማው ዜና አንድ ዓይነት ነው፦ «ተሽከርካሪው ፍሬን በጥሶ…»። አሽከርካሪው ከተረፈ እሱም «ፍሬን እምቢ አለኝ» ይላል። መዝገቡ ላይ «የቴክኒክ ጉድለት» ወይም «ከፍጥነት ወሰን በላይ ማሽከርከር» ይጻፋል፣ ጉዳዩም በዚያው ያልቃል። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ሳይለካ የተጻፈ ግን ግምት ነው፤ በግምት ደግሞ አንድ ሰው ይታሰራል ወይም ነፃ ይወጣል፣ ቀጣዩ መኪናም በዚያው ኩርባ ላይ ይገለበጣል።

ፍሬን የሚከዳባቸው መንገዶች ብዙ አይደሉም። እያንዳንዱም ብረቱ ላይ፣ ዘይቱ ውስጥና አስፋልቱ ላይ የራሱን ምልክት ይተዋል። «ፍሬን በጠሰ» የሚለው ቃል በመለኪያ ሊረጋገጥ ወይም ሊፈርስ የሚችል ነገር ነው፤ ይህ ጽሑፍ እንዴት የሚለውን ያሳያል። ለትራፊክ ፖሊሶች፣ ለመድን ድርጅት ገምጋሚዎች፣ ለመካኒኮችና ለጠበቆች ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

የዓባይን በረሃ እንውሰድ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከየትኛውም አፋፍ ቢነሱ እስከ ድልድዩ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። 30 ቶን የሚመዝን መኪና 6 በመቶ በሆነ ቁልቁለት (በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር በሚወርድ ማለት ነው) በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየሄደ ፍጥነቱ እንዳይጨምር ከተፈለገ 196 ኪሎ ዋት ያህል ኃይል የሆነ ቦታ መዋጥ አለበት። በ20 ኪሎ ሜትር ከወረደ ግማሹ፣ 98 ኪሎ ዋት ይበቃል። ጎማው ሲንከባለልና አካሉ ነፋሱን ሲገፋ የሚበሉት ከዚህ ላይ ትንሹን ነው። የቀረውን ወይ ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ ይዞ ይቀንሰዋል፣ ወይ የፍሬኑ ሸራ ከታምቡሩ (ከጎማው ጋር ከሚዞረው የብረት ከበሮ) ጋር ተፋትጎ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል።

አሽከርካሪው ማርሹን ሳያወርድ ፔዳሉን ብቻ እየረገጠ ከወረደ ሙቀቱ በሙሉ ታምቡሩ ላይ ያርፋል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይበላሻል። አንደኛ፣ ሸራው በጣም ሲግል የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ ሸራው ታምቡሩን የሚገፋው ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሆነ፣ ታምቡሩ ግሎ ሲሰፋ ከሸራው ይሸሻል፤ ሸራውም እስኪደርስበት ከወትሮው ረጅም መንገድ መሄድ አለበት። በአየር የሚሠራ ፍሬን ላይ የሚገፋው ዘንግ የተወሰነ ርዝመት ብቻ ነው መውጣት የሚችለው። ዘንጉ መጨረሻው ላይ ከደረሰ አሽከርካሪው በሁለት እግሩ ቢቆምበትም ተጨማሪ ኃይል አይመጣም። ምንም ያልተበጠሰ፣ ምንም ያልተሰበረ ፍሬን እንዲህ ሆኖ ይጠፋል።

ስለዚህ መርማሪው የሚፈልገው «የተበጠሰ ቱቦ» ብቻ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል፣ «ብልሽት አልተገኘም» ብሎም ይጽፋል። ይህ ከሁሉም በላይ የሚደጋገም ስህተት ነው።

የመጀመሪያው ሰዓት

የቆሰለ ሰው ከሁሉም ይቀድማል፤ ለማንም መለኪያ ሲባል አምቡላንስ አይቆምም። ተሽከርካሪውን ለማዳን ሥራ ማንቀሳቀስ ግድ ከሆነ፣ ከመነሳቱ በፊት የእያንዳንዱ ጎማ ቦታ በጠመኔ ወይም በቀለም ምልክት ይደረግበት። ይህ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ በኋላ ግን በምንም አይተካም።

ከዚያ ቀጥሎ ቶሎ የሚጠፋው ሙቀት ነው። ሁሉም ታምቡሮች፣ የተሳቢውም ጭምር፣ በጨረር በሚለካ ቴርሞሜትር አንድ በአንድ ይለኩ፣ ሰዓቱም ይጻፍ። በኮሮና ጊዜ በየበሩ ግንባራችን ላይ ይደቀን የነበረው የሕክምናው ዓይነት አያገለግልም፤ የሰውን ሰውነት ሙቀት ብቻ ነው የሚያነበው። እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያነብ የጋራዥ ወይም የፋብሪካ መለኪያ ያስፈልጋል። መለኪያው ከሌለ ጥቂት የውሃ ጠብታ ታምቡሩ ላይ ጣል ማድረግ ነው፤ ጢስ ብሎ ከተነነ ከ100 ዲግሪ በላይ ነው። ብዙ ውሃ ማፍሰስ ግን ታምቡሩን ይሰነጥቀዋል፤ በኋላ ስንጥቁ ከአደጋው በፊት የነበረ ይሁን በኋላ የመጣ መለየት አይቻልም። የሚጨስ ጎማ አጠገብ በጎን በኩል መቆምም አደገኛ ነው፣ ሊፈነዳ ይችላል።

ይህ ልኬት ለምን ይህን ያህል አስፈለገ? ሥራ የሠራው ፍሬን ይግላል፣ ያልሠራው ይቀዘቅዛል። ስድስት ታምቡሮች እንደ እሳት ግለው የተሳቢው አራቱ እጅ የሚያስቀምጡ ከሆኑ፣ ተሳቢው ምንም ፍሬን እንዳልነበረው፣ የፊተኛው መኪና የሁለቱን ጭነት ብቻውን ሲይዝ እንደነበረ ያለ ምስክር ታወቀ። ሁሉም ቀዝቃዛ ከሆኑ አሽከርካሪው ለረጅም ጊዜ ፍሬን አልያዘም፤ ስለዚህ «ቁልቁለቱን ሙሉ ስይዝ ነበር» የሚለው ቃል አይቆምም። ሁሉም እኩል ግለው ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ወደ ፍጥነቱ፣ ወደ ማርሹና ወደ ጭነቱ ይዞራል። ሦስት ዓይነት መንስኤ በአንድ መለኪያ ተለየ ማለት ነው። ከሁለትና ሦስት ሰዓት በኋላ ግን ሁሉም ታምቡር አንድ ዓይነት ነው።

ሦስተኛው ጋቢናው ውስጥ ያለው ነው። ማንም ገብቶ ሳይነካ ፎቶ ይነሳ፦ የማርሹ ዘንግ የት እንዳለ፣ የእጅ ፍሬኑ ማንሻ ተስቦ እንደሆነ፣ የሞተር ፍሬኑ ማብሪያ ክፍት ይሁን ዝግ፣ የአየር ግፊት መለኪያው ምን እንደሚያነብ፣ ቁልፉ በየት በኩል እንደዞረ። መኪና የሚያነሱ ሰዎች ሲደርሱ መጀመሪያ የሚያደርጉት ማርሽ ማውጣትና ፍሬን መፍታት ነው። ይህን ሲያደርጉ ማን፣ የትኛውን፣ በስንት ሰዓት እንደፈታ መመዝገብ አለበት፤ አለበለዚያ ፍርድ ቤት ሲደርስ መኪናውን ያነሳው መካኒክ የሠራው ሥራ የአሽከርካሪው ጥፋት መስሎ ይቀርባል።

ንድፉ (የአደጋው ፕላን) ላይ ረጅም አልናገርም፣ ግን ከሌሉ ዋጋ የሚያሳጡት ነገሮች አሉ። ሁሉም ርቀት የሚለካው የማይነቃነቅ ነገር ተይዞ ነው፦ የኪሎ ሜትር ድንጋይ፣ የድልድይ ጠርዝ፣ ቁጥር ያለው የመብራት ምሰሶ። «ከሱቁ በር 12 ሜትር» ብሎ መጻፍ ሱቁ ከዓመት በኋላ ሲፈርስ አብሮ ይፈርሳል። አንድ ነጥብ ሁለት ልኬት ያስፈልገዋል፦ በመንገዱ ጠርዝ ላይ ከቋሚው ነጥብ ስንት ሜትር፣ ከጠርዙ ደግሞ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ስንት ሜትር። ብረት አስፋልቱን የቧጠጠበት ወይም የቆፈረበት ቦታ ግጭቱ የተፈጠረበትን ይጠቁማል፤ የተበተነ መስታወትና የመብራት ስባሪ ግን ከግጭቱ ነጥብ ርቆ ስለሚሄድ ብቻውን አይታመንም። ፎቶ መጀመሪያ አሽከርካሪው በመጣበት አቅጣጫ ከሩቅ ተነስቶ እየቀረበ ይሂድ፤ ከዚያ በኋላ ነው ቅርብ ለቅርቡ፣ ያውም ሜትር ወይም የታወቀ መጠን ያለው ነገር አጠገቡ ተቀምጦ።

አስፋልቱ የሚናገረው ፍጥነት

ጎማ ተቆልፎ የተንሸራተተበት ጥቁር ምልክት ካለ ዝቅተኛውን ፍጥነት ማስላት ይቻላል። የምልክቱን ርዝመት በሜትር፣ በመንገዱ የሰበቃ ቁጥር (አስፋልቱ ጎማውን የሚይዝበት ልክ) እና በ254 አባዝቶ ስኩዌር ሩቱን መውሰድ ነው። ደረቅ ደህና አስፋልት ለትንሽ መኪና 0.7 ገደማ ይይዛል፤ እርጥብ ሲሆን ወደ 0.5 እና ከዚያ በታች ይወርዳል። ሚኒባስ ሜዳ ላይ 24 ሜትር ምልክት ጥሎ ከቆመ 254 × 0.7 × 24 = 4,267፣ ስኩዌር ሩቱም በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር። ያው ምልክት 6 በመቶ ቁልቁለት ላይ ከሆነ ከ0.7 ላይ 0.06 ይቀነሳል፤ ፍጥነቱ 62 ገደማ ይሆናል። ዳገት ላይ ከሆነ ይደመራል። ተሽከርካሪው በምልክቱ መጨረሻ ላይ አልቆመም፣ ገና በ30 ኪሎ ሜትር እየሄደ ተጋጨ ከተባለ ደግሞ ሁለቱ ፍጥነቶች በቀጥታ አይደመሩም፤ 65 ሲደመር 30 ብሎ 95 መጻፍ ስህተት ነው። ካሬያቸው ተደምሮ ሩቱ ይወሰዳል፦ 4,267 + 900፣ ሩቱ 72 ያህል። ለከባድ መኪና የጎማው ላስቲክ ጠንካራ ስለሆነ የሰበቃው ቁጥር ከትንሽ መኪናው ዝቅ ይላል፤ 0.7ን ለሲኖትራክ መጠቀም አሽከርካሪውን ካልነበረበት ፍጥነት ላይ ያስቀምጠዋል። ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል መሣሪያ) ያለው መኪና ምልክቱ ደብዛዛ ስለሚሆን ምልክት አለመኖር ብቻውን «ፍሬን አልያዘም» አያሰኝም።

ቁልቁለት ላይ ያመለጠ ከባድ መኪና ግን አብዛኛውን ጊዜ ረጅም ጥቁር ምልክት አይተውም፤ የሚገለበጠው ኩርባ ላይ ነው። ስሌቱ ሌላ ነው። የኩርባውን ራዲየስ ለማግኘት የመንገዱ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ 20 ሜትር ገመድ በቀጥታ ወጥሮ፣ ከገመዱ መሃል እስከ ጠርዙ ያለውን ክፍተት መለካት ነው። ክፍተቱ 84 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፦ 20 ሲባዛ በ20 ለ8 × 0.84 ተካፍሎ የ0.84 ግማሽ ሲደመርበት ራዲየሱ 60 ሜትር ገደማ ይሆናል። በዚህ ኩርባ ላይ ትንሽ መኪና መንሸራተት የሚጀምረው 127 × 60 × 0.7፣ ሩቱ 73 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ከፍ አድርጎ የጫነ ከባድ መኪና ግን እስኪንሸራተት አይቆይም። የክብደቱ ማዕከል ከፍ ስለሚል፣ ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል የክብደቱ 0.4 አካባቢ ሲደርስ ይገለበጣል፦ 127 × 60 × 0.4፣ ሩቱ 55 ኪሎ ሜትር። ጭነቱ ከተንቀሳቀሰ ወይም ከጎን ወደ ጎን የሚናወጥ ፈሳሽ ከሆነ ከዚያም በታች። መንገዱ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ከሆነ ደግሞ ጥቂት ይጨምራል፣ መለካት አለበት። ስለዚህ በሰዓት 55 የተገለበጠን መኪና ሲያዩ «መቶ ሲበር ነበር» ብሎ የሚምል ምስክር ዋሽቷል ማለት ሳይሆን፣ ዓይን ከባድ መኪና ላይ ፍጥነትን መገመት አይችልም።

የአየር ፍሬን ምርመራ

አብዛኛው ጥፋትና አብዛኛው መልስ ያለው እዚህ ነው።

መጀመሪያ የሚፈተነው «አየሩ አልቆ ፍሬን በጠሰ» የሚለው ነው። በአየር የሚሠራ ከባድ መኪና የኋላ ቻምበሮቹ (የፍሬኑን ዘንግ የሚገፉት የአየር ጣሳዎች) ውስጥ ጠንካራ ሞላ አለ። ሞላውን አፍኖ የሚይዘው አየሩ ነው። አየሩ ሲያልቅ ሞላው ይለቀቅና ፍሬኑን ራሱ ይይዛል፤ የእጅ ፍሬን የሚባለውም ይኸው ነው። ስለዚህ አየር ሙሉ በሙሉ ከወጣ መኪናው የኋላ ጎማው ተይዞ መንሸራተት እንጂ ነፃ ሆኖ መሮጥ የለበትም። አየር አለቀ ተብሎ አስፋልቱ ላይ የኋላ ጎማ ምልክት ከሌለ ከሁለት አንዱ ነው፦ አየሩ አላለቀም፣ ወይም ሞላውም ሊይዝ በማይችልበት ሁኔታ ላይ ነበር። ሁለተኛው በእውነት ያጋጥማል። ሞላው የሚገፋው ያንኑ ዘንግ ነው፤ ዘንጉ ካልተስተካከለ ወይም ታምቡሩ ግሎ ከሰፋ ሞላውም አቅም ያጣል። አንዳንዴም ሞላው ተሰብሮ በጋራዥ በብሎን ታስሮ ለወራት የሄደ መኪና ይገኛል፤ ቻምበሩ ጀርባ ላይ የታሰረ ብሎን ካለ ፎቶ ይነሳና፣ ከአደጋው በኋላ ለማንሳት የታሰረ ይሁን የቆየ በዝገቱና በአቧራው ይለያል።

ቀጥሎ የዘንጉ ርዝመት ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ጎማዎቹ በድንጋይ ይታገዳሉ፣ የእጅ ፍሬኑ ይፈታል፣ አየሩ ከ6.2 እስከ 6.9 ባር ይሞላል። የመኪናው ኮምፕረሰር ከተሰበረ ከሌላ መኪና አየር ይወሰዳል። ፍሬኑ ሳይያዝ ዘንጉ ከቻምበሩ በሚወጣበት ቦታ ላይ በጠመኔ ይሰመራል። ሌላ ሰው ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ይዞ ሲቆይ ምልክቱ ከቻምበሩ ስንት ሚሊ ሜትር እንደራቀ ይለካል። በብዙ ከባድ መኪናዎች ላይ የሚገኘው መደበኛው 30 ቁጥር ቻምበር ጠቅላላ የሚወጣው 64 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ መስተካከል ያለበት 51 ሳይደርስ ነው። ቻምበሩ ሌላ ቁጥር ከሆነ ወሰኑም ሌላ ስለሆነ፣ አካሉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር መመዝገብ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። የመጀመሪያው፣ ልኬቱ የሚወሰደው ታምቡሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ቀዝቃዛ ሆኖ 46 ሚሊ ሜትር የወጣ ዘንግ «ከወሰኑ በታች ነው፣ ደህና ነው» ይባላል። ያው ፍሬን ቁልቁለቱ መሃል ላይ ግሎ ሳለ ግን ዘንጉ ከዚያ በብዙ ሚሊ ሜትር ይረዝም ነበር። ወሰኑ አካባቢ ያለ ቀዝቃዛ ልኬት ቁልቁለት ላይ ዋስትና አይደለም፣ ሪፖርቱም ይህን በግልጽ መናገር አለበት። ሁለተኛው፣ መካኒኩ «እስቲ ይያዝ አይያዝ እንይ» ብሎ የዘንጉን ማስተካከያ ግማሽ ዙር ካጠበቀው ማስረጃው በዚያች ደቂቃ ጠፋ። ከልኬቱ በፊት ማንም መፍቻ አያንሳ።

ከልኬቱ በኋላ ጎማው ወልቆ ታምቡሩና ሸራው ይታያሉ። ከፍተኛ ሙቀት ያየ ታምቡር ሰማያዊ ወደ ወይን ጠጅ የሚሄድ ቀለም ያወጣል፣ ገጹ ላይም የፀጉር ያህል ቀጫጭን ስንጥቆች ይኖራሉ። ሸራው እንደ መስታወት ከለሰለሰና ካብረቀረቀ፣ ጠርዙም ከሰል ከመሰለ ተቃጥሏል። አንዱ ጎማ ላይ ሸራው በግሪስ ወይም በዘይት ርሶ ከተገኘ ያ ጎማ አይይዝም ነበር፤ ግን ግሪሱ በሙቀት ቀልጦ የፈሰሰው በዚያው ዕለት ይሁን፣ ማኅተሙ ካረጀ የቆየ፣ የአቧራውን ውፍረት አይቶ መለየት ይቻላል። የሸራው ውፍረት በሁለቱም ጫፍና በመሃል ይለካ፣ የግራና የቀኙም ጎን ለጎን ይጻፍ።

ተሳቢ ካለ የሁለቱ የአየር ቱቦዎች መጋጠሚያና የመዝጊያ ቧንቧዎቹ ይታዩ። ቱቦው ተሰክቶ ቧንቧው ተዘግቶ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ተሳቢው ሲይዝ ስለሚንገጫገጭ ወይም ጎማ ስለሚበላ ሆን ብለው የሚዘጉ አሽከርካሪዎች አሉና፣ ይህ የአሽከርካሪውና የባለንብረቱ ውሳኔ እንጂ ብልሽት አይባልም።

ዘይት ፍሬን ላይ የሚሠራው ስህተት

አነስተኛ አይሱዙና ሚኒባስ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ቢያንስ 205 ዲግሪ ላይ ነው፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መስፈርቱ ራሱ 140 ዲግሪ ድረስ ይፈቅዳል። ዶት 4 ደግሞ 230 እና 155። ለዓመታት ያልተቀየረ ዘይት ቁልቁለት ላይ ይፈላል፣ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል። ፔዳሉ ያለ ምንም ተቃውሞ ወለል ይነካል።

ከዚያ መኪናው ተጋጭቶ ይቆማል፣ ፍሬኑ ይቀዘቅዛል፣ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። በማግስቱ የቴክኒክ መርማሪው መጥቶ ፔዳሉን ሲረግጥ ጠንካራ ነው። «ፍሬኑ ይሠራል፣ ጉድለት የለበትም» ብሎ ይፈርማል። አሽከርካሪው ውሸታም ሆነ። እውነቱን ተናግሮ የሚፈረድበት ሰው በዚህ መንገድ ሊኖር እንደሚችል ማሰብ ያስጨንቃል፤ መከላከያው ደግሞ ርካሽ ነው። ከማጠራቀሚያው ብቻ ሳይሆን ከጎማው በኩል ካለው ማስተንፈሻም ዘይት በንጹሕና ክዳኑ በሚገጥም የመስታወት ጠርሙስ ይወሰድ፣ ወዲያው ይታሸግ። ክፍት ሆኖ የቆየ ናሙና ራሱ እርጥበት ስለሚስብ ዋጋ የለውም። ከዚያ የሚፈላበት ሙቀት ወይም የውሃው መጠን ይለካል። የውሃ መጠኑ 3.7 በመቶ ገደማ የደረሰ ዘይት ከላይ የተጠቀሰው ዝቅተኛ ወሰን ላይ ነው።

ዓመታዊው የቦሎ ምርመራም ለዚህ መልስ አይሰጥም። መኪናው ባዶውን፣ ፍሬኑ ቀዝቅዞ፣ ለጥቂት ሰከንድ ነው የሚፈተነው። «ቦሎ አለው» ማለት ሙሉ ጭነት ይዞ ለግማሽ ሰዓት ቁልቁለት መውረድ ይችላል ማለት አይደለም።

አሽከርካሪው ፔዳሉን ረግጦ ነበር?

ይህን አምፖል ሊመልስ ይችላል። የበራ አምፖል ሽቦ በጣም ስለሚግል ይለሰልሳል፤ ኃይለኛ ግጭት ሲመጣ ይለጠጣል፣ ይጠማዘዛል። ጠፍቶ የነበረ ሽቦ ቀዝቃዛና ደረቅ ስለሆነ ወይ ምንም አይሆንም ወይ ቀጥ ብሎ ይሰበራል። በርቶ ሳለ መስታወቱ የተሰበረ አምፖል ደግሞ አየር ሲነካው ሽቦው ላይ ነጭ ወይም ቢጫማ ዱቄት ይታያል። የኋላ መብራቱ ባለ ሁለት ሽቦ (21 እና 5 ዋት) ከሆነ ወፍራሙ የፍሬን መብራት ነው። እሱ ተለጥጦ ከተገኘ በግጭቱ ቅጽበት ፔዳሉ ተረግጦ ነበር። ግጭቱ ከአምፖሉ የራቀና የደከመ ከሆነ ግን አለመለጠጡ ምንም አያረጋግጥም። አምፖሉ ከነሶኬቱ ይነቀል፣ በጥጥ ይጠቅለል፤ ማንም «ይሠራል ወይ» ብሎ ባትሪ ላይ አይሞክረው። ኤልኢዲ ከሆነ ይህ ዘዴ አይሠራም።

ማርሹም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ማርሹ ወጥቶ ከተገኘ ብዙ ሰው ወዲያው «ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ ሲወርድ ነበር» ይላል። ፍሬኑ ሲከዳው ከፍተኛውን ማርሽ አውጥቶ ዝቅተኛውን ለማስገባት የሞከረ፣ ሞተሩ ፍጥነቱን ስላልተቀበለው ባዶ ላይ የቀረ አሽከርካሪም ማርሹ ወጥቶ ነው የሚገኘው። ሁለቱን የሚለየው የጂፒኤስ መዝገብ ነው።

ምንም የማይዘው መኪና 6 በመቶ ቁልቁለት ላይ፣ የመንከባለል ተቃውሞው ተቀንሶ፣ ፍጥነቱ በየሰከንዱ ወደ 0.5 ሜትር በሰከንድ ይጨምራል። ከ30 ወደ 90 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 33 ሰከንድና 550 ሜትር ያህል ይበቃዋል። መዝገቡ ላይ ፍጥነቱ በዚህ ልክ ከወጣ መኪናው ነፃ ነበር። ቀስ እያለ ከወጣ ፍሬኑ ወይም ሞተሩ በከፊል ይዞ ነበር። ከመጀመሪያው ጀምሮ ለሃያ ደቂቃ በ60 ከወረደ በኋላ ድንገት ከጨመረ ደግሞ ፍሬኑን ያቃጠለው ያ የሃያ ደቂቃ ጉዞ ነው፤ የመንስኤው ሰንሰለት የሚጀምረው አፋፉ ላይ ማርሽ ከተመረጠበት ቦታ ነው። መሣሪያው በየስንት ሰከንዱ እንደሚመዘግብ ማወቅ የግድ ነው፤ በየደቂቃው ብቻ የሚመዘግብ ከሆነ በሁለት ነጥብ መካከል ያለው አይታይም።

ሰዓት ላይ ደግሞ የኛ አገር የራሱ ችግር አለ። ምስክሩ «ከምሽቱ 11፡40» ይላል። የጎዳና ካሜራው 17፡40 ያሳያል። የጂፒኤሱ ጥሬ መዝገብ በዓለም አቀፉ ሰዓት ከሆነ 14፡40 ይላል። ሦስቱም አንድ ደቂቃ ናቸው። መዝገቡ ውስጥ የትኛው በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልተጻፈ፣ እውነተኛ ማስረጃ «ሰዓቱ አይገጥምም» ተብሎ ውድቅ ይደረጋል። ጎማ ላይም ያው ነው፦ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች ሳምንትና ዓመት ናቸው፤ 2318 ማለት በአውሮፓውያን 2018 ዓ.ም. 23ኛው ሳምንት ነው። የኛን 2018 ዓ.ም. አድርጎ የሚያነብ ሰው ያረጀውን ጎማ አዲስ ያደርገዋል።

ሰውና መንገድ

አሽከርካሪውና ረዳቱ ለየብቻ ይጠየቁ። መጀመሪያ ሳያቋርጡ እንዲተርኩ ማድረግ፣ ከዚያ ወደ ዝርዝር መግባት፦ አፋፉ ላይ ቆመው ፍሬኑን አይተው ነበር? በስንተኛ ማርሽ መውረድ ጀመሩ? ሽታ ወይም ጭስ መጀመሪያ የታየው የት ነው? ከዚያ በኋላ ለምን አልቆሙም? ፔዳሉ ወለል ነካ ወይስ ጠንካራ ሆኖ አልያዘም? የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ትለያለች፦ ወለል የነካ ፔዳል የፈላ ወይም የፈሰሰ ዘይት ነው፣ ጠንካራ ሆኖ የማይዝ የተቃጠለ ሸራ ነው። ከስፍራው መሸሽ በራሱ የጥፋት ማስረጃ ተደርጎ አይወሰድ፤ የተቆጣ ሕዝብ ፈርቶ ወደ ቅርብ ፖሊስ ጣቢያ የሚሮጥ አሽከርካሪ ብዙ ነው። ስንት ሰዓት እንደነዳ፣ የመጨረሻ ጭነቱን የት እንደጫነ፣ የሚዛን ጣቢያ ደረሰኙ ስንት ቶን እንደሚል ይያዝ። የታዘዘበት የመድረሻ ሰዓት ከባለንብረቱ ይጠየቅ፤ ሰዓቱ በሕጋዊ ፍጥነት የማይደረስበት ከሆነ መንስኤው ጋቢናው ውስጥ ብቻ አይደለም።

መንገዱ በዚያው ሰዓትና በዚያው አቅጣጫ ይታይ። የቁልቁለት ማስጠንቀቂያ ምልክት አለ? ከመውረዱ በፊት ከባድ መኪና የሚቆምበት ሰፊ ቦታ አለ? ያመለጠ መኪና የሚገባበት የአሸዋ ወይም የጠጠር ማምለጫ አለ? መከላከያ ብረቱ ከወደቀ ወዲህ ተተክቷል? ሟቾቹ ጭነት ላይ ተሳፍረው የነበሩ ከሆነ፣ ግጭቱን ያመጣው ሌላ፣ ሞቱን ያበዛው ሌላ ነውና ሁለቱ ለየብቻ ይጻፉ።

ሪፖርቱ

የተለካው፣ ከተለካው የተሰላው፣ የተገመተውና ያልታወቀው በአንድ ዓረፍተ ነገር አይቀላቀሉ። «ፍሬን በመበጠሱ» ከማለት ይልቅ እንዲህ መጻፍ ይቻላል፦ «የተሳቢው አራት ታምቡሮች ከአደጋው 40 ደቂቃ በኋላ ቀዝቃዛ ነበሩ፤ የአየር መዝጊያው ዝግ ነበር። የመኪናው ስድስት ታምቡሮች ከ200 ዲግሪ በላይ ነበሩ፤ ሦስት ዘንጎች ከወሰኑ በላይ ወጥተዋል። በጂፒኤሱ መሠረት ቁልቁለቱ በአማካይ በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ተወርዷል። ፍሬኑ የመያዝ አቅሙን ያጣው በሙቀት ነው፤ ለሙቀቱም የተሳቢው ፍሬን መዘጋት፣ የማስተካከያ ጉድለትና የመውረጃው ፍጥነት አስተዋጽኦ አድርገዋል።» ይህን ያነበበ ዓቃቤ ሕግ ማን ምን እንዳደረገ ያያል፣ ባለንብረቱም ነገ ምን ማስተካከል እንዳለበት ያውቃል።

ልዩነቱ ፍርድ ቤት ላይ ይታያል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደል የሚያስቀጣው በጥፋት ልክ ነው፤ ግልጽ ደንብ ተጥሶ ወይም ከአንድ ሰው በላይ ሞቶ ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል። ስለዚህ «ደንብ ጣሰ ወይስ ፍሬኑ ከዳው» የሚለው የዓመታት እስራት ልዩነት አለው። የተጎጂው ካሣ ግን እዚያ ላይ አይንጠለጠልም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባያጠፋም ኃላፊ ነው፤ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005ም አለ። ተጎጂዎች «ፍሬን በጥሶ ስለሆነ ማንም አይጠየቅም» ተብለው እንዳይመለሱ ይህን ማወቅ አለባቸው።

ሪፖርቱ ከተፈረመ በኋላም ሸራዎቹ፣ አምፖሎቹ፣ የዘይቱ ጠርሙስና የማስተካከያ ክንዶቹ ከየትኛው ጎማ እንደወጡ ተጽፎባቸው፣ ቀንና ፊርማ ተደርጎባቸው ይታሸጉ። የጂፒኤስ መዝገቡ በዚያው ሳምንት ከአቅራቢው በጽሑፍ ይጠየቅ፤ መሣሪያው የቆየውን በአዲስ እየተካ ሊያጠፋው ይችላል። መኪናው ለባለንብረቱ ከመመለሱ በፊትም የመከላከያ ወገን የራሱን ባለሙያ አምጥቶ እንዲለካ ዕድል ይሰጠው፤ አንድ ጊዜ ጋራዥ ገብቶ ሸራ ከተቀየረለት በኋላ ማንም ምንም ሊፈትሽ አይችልም።